ክሉዝነር የሚባለው የክሪኬት ተጫዋች ማነው? አሁን አሰልጣኝ ነው የሚሉትስ እውነት ነው?

ቱሉዲምቱ_ሺፍት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኳስ ክፍል ውስጥ ክሪኬት ይዤ ስለመጣሁ ይቅርታ፣ ሌላ የት እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ጋርመንት ውስጥ እሰራለሁ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ገና ምንም ያልተሰራበት ሰፊ ሜዳ አለ፣ ህንዶቹና ስሪላንካዎቹ ሱፐርቫይዘሮች እሁድ እሁድ እየመጡ ክሪኬት ይጫወቱበታል። መጀመሪያ የሰፈር ልጆች ኳስ ለማቀበል ነበር የሚሄዱት፣ አሁን ግን ሰው ሲጎድል ያስገቧቸዋል።

ከልጆቹ አንዱ ግራኝ ነው፣ አስራ አምስት አመት ቢሆነው ነው፣ ቴክኒክ ምናምን የለውም በቃ የመጣለትን ኳስ እንደ እንጨት ፈላጭ ነው የሚለው። ህንዶቹ ክሉዝነር ብለው ስም አወጡለት። ታዲያ ልጁ መትቶ መሮጥ ሲጀምር ሁሉም ባንድ ድምፅ "ዶናልድ! ዶናልድ!" እያሉ ይጮሁና ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ፣ ልጁም አይገባው እኔም አይገባኝ። አንዱ ስሪላንካዊ ደሞ ክሉዝነር ሲባል ራሱን ይዞ "ያቺ የመጨረሻ ኦቨር" እያለ ይነጫነጫል። ሰውየው ማነው? ዶናልድስ ምን ሆኖ ነው? ኦልራውንደር ነበር አሁን አሰልጣኝ ሆኗል ይላሉ፣ ጎበዝ አሰልጣኝ ወጣው ወይስ ስሙን እየበላ ነው? ልጁ ጠይቅልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል።

ኳስ_ብቻ፦
አቦ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ እያለ አምስት ቀን ተጫውተው አቻ የሚወጡበትን ነገር ታመጣልናለህ 😂

ደርባን_የነበረው፦
ኳስ ብቻ ተወው ባክህ ሰውየው በስርአት ነው የጠየቀው።

ወንድሜ እኔ ደርባን ሱቅ ነበረኝ፣ አሁን ተጠቃልዬ ገብቼ ለገጣፎ ነኝ። እዛ ቲቪው ላይ ክሪኬት ካልከፈትክ ደንበኛ አይቆምልህም፣ በግዴ ነው የለመድኩት በኋላ ግን ሱስ ሆኖብኝ አረፈው። ስለ ክሉዝነር ደሞ የደርባን ሰው ዝም አይልም የሰፈራቸው ልጅ ነዋ። ላንስ ክሉዝነር በ1971 ደርባን የተወለደ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ግን ዙሉኛ እንደ አፍ መፍቻው ስለሚናገር ቅፅል ስሙ ዙሉ ነው።

ኦልራውንደር ላልከው፣ ክሪኬት ላይ አብዛኛው ሰው ወይ መቺ ነው ወይ ወርዋሪ። መቺው በባት እየመታ ነጥብ ይሰበስባል፣ ነጥቡ ራን ይባላል፣ ወርዋሪው ደሞ መቺዎቹን እያስወጣ ዊኬት ይቆጥራል። ባትህን ቢወስዱብህ በውርወራህ ብቻ ቡድን ውስጥ የምትቆይ፣ ውርወራህን ቢወስዱብህ በባትህ የምትቆይ ከሆነ ኦልራውንደር ነህ። ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ የሚሞካክር ሰው ሞልቷል እሱ አይቆጠርም። ክሉዝነር በግራ እየመታ በቀኝ የሚወረውር ነበር፣ የመጣውም እንደ ፈጣን ወርዋሪ ነው። ህንዶቹን ኮልካታ 1996 በላቸው እስቲ! የመጀመሪያ ቴስት (አምስት ቀን የሚመደብለት) ጨዋታው ነው፣ አዝሃሩዲን የሚባለው የህንድ መቺ ተከታታይ አምስት ኳስ ለአራት አራት (ተመትታ መሬት ነክታ ድንበሩ የደረሰች ኳስ ያለ ሩጫ አራት ራን ናት) እየላከ አዋረደው፣ ሌላ ልጅ ቢሆን እዛው ያለቅሳል። በሁለተኛው ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) ተመልሶ 8 ዊኬት በ64 ራን ወሰደ ደቡብ አፍሪካም አሸነፈች። እኔ ስለሱ ሳስብ ከ1999ኙ በፊት የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ከዛ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳና ፍጥነቱ ቀነሰ፣ እሱም ቀስ ብላ መሬት ነክታ የምትታጠፍ ኳስ መወርወር ተማረ። ባቱ ግን ያው ነው፣ ከባድ ባት፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይጠብቅና ይለቀዋል።

አሁን ወደ ስሪላንካዊው ራስ ምታት ልምጣ። በ1999 የእንግሊዝ የአለም ዋንጫ ኖርዝሃምፕተን ላይ ደቡብ አፍሪካ ከስሪላንካ ጋር ተጫወተች፣ መቺዎቹ አልቀው ክሉዝነር ብቻ ቀርቷል፣ የመጨረሻዋን ኦቨር (ስድስት ኳስ ማለት ነው) ቻሚንዳ ቫስ ወረወረ፣ ቫስ ማለት የስሪላንካ የፈጣን ወርዋሪዎች አለቃ ነው፣ ከሷ ኦቨር ብቻ 22 ራን ወጣ። በዛ ውድድር በሙሉ 281 ራን አምጥቶ አውት የሆነው (ወርዋሪዎቹ ያስወጡት) ሁለቴ ብቻ ነው፣ አማካዩ 140.5 ማለት ነው፣ ከነሱ ላይ 17 ዊኬት ጨምርበት። የውድድሩ ኮከብ እሱ ነው፣ ዋንጫውን የበሉት አውስትራሊያዎች ግን ያው አውስትራሊያዎች ናቸው።

የዶናልድን ልንገርህ። ግማሽ ፍፃሜ፣ ሰኔ 17፣ በርሚንግሃም ኤጅባስተን። አውስትራሊያ 213 ላይ አለቀች። ደቡብ አፍሪካ ስትመታ ሼን ዋርን 4 ሰው በልቶ አሽመደመዳቸው፣ የመጨረሻው ኦቨር ላይ 9 ራን ይፈለጋል፣ የቀረው አንድ ዊኬት ነው። ሜዳ ላይ ሁሌም ሁለት መቺ ነው ያለው አንዱ እዚህ አንዱ እዛ ጫፍ፣ ራን የሚቆጠረው ቦታ ሲቀያየሩ ነው። ክሉዝነር ይመታል፣ ማዶ ያለው አለን ዶናልድ ነው፣ እሱ ደሞ ወርዋሪ እንጂ መቺ አይደለም። ፍሌሚንግ ወረወረ፣ አራት። ሁለተኛዋ፣ አራት። አለቀ በለው! አቻ ሆኑ፣ አንድ ራን በአራት ኳስ። ሶስተኛዋ ላይ ዶናልድ ቀድሞ ወጥቶ ሊበላ ለትንሽ ተረፈ። አራተኛዋን ክሉዝነር መታና ወዲያው ሮጠ፣ ዶናልድ ኳሷን እያየ ቆሟል፣ ዞር ሲል ክሉዝነር አጠገቡ ደርሷል፣ ባቱ ከእጁ ወደቀ፣ ሩጫ ሲጀምር ኳሷ ማዶ ደርሳ የአውስትራሊያው ጊልክሪስት ዊኬቱን (መቺው ጋር የተተከሉትን እንጨቶች፣ እነሱም ዊኬት ይባላሉ) አፍርሶታል። 213 ለ213። አውስትራሊያ በሱፐር ሲክስ (ከምድብ ያለፉት ስድስት ቡድኖች ዙር) ሰንጠረዥ ከላይ ስለነበረች በአቻ አለፈች፣ ከሶስት ቀን በኋላ ፓኪስታንን ደቁሳ ዋንጫውን ወሰደች። በቃ እነሱ ሰፈራችሁ ሜዳ ላይ የሚስቁት ይሄንን ነው፣ ክሪኬት የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቱሉዲምቱ_ሺፍት፦
ኧረ ወንድሜ ይሄ እኮ ፊልም ነው! ለልጁ አነበብኩለት "ታዲያ ማን ነው ጥፋተኛው?" አለኝ እኔም ምን ልበለው፣ አራት ኳስ እያለው ምን አስቸኮለው?

አያት_ዞን፦
ጥፋተኛው ክሉዝነር ነው ምን ጥያቄ አለው። ሶስት ኳስ ይቀረው ነበር፣ ኳሷ ሩቅ አልሄደችም፣ ጓደኛው ከጥቂት ሰከንድ በፊት ሊበላ ነበር ደንግጧል፣ ሳያየው ሮጠ። ዶናልድ ላይ መሳቅ ግፍ ነው።

ደርባን_የነበረው፦
ሁለቱም ናቸው። አያት እንዳልከው ያቺ ኳስ ሩጫ የላትም፣ ግን ማዶ ያለው ሰው ስራው ጓደኛውን ማየት ነው። እኔ ግን ጣቴን የምቀስረው ከአራት ቀን በፊት በነበረው ጨዋታ ላይ ነው። እዛው ውድድር ሊድስ ላይ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ተገናኝተው የኛው ጊብስ የአውስትራሊያውን የስቲቭ ዎን ኳስ በእጁ ይዞ (መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል) ሊወረውራት ሲል አመለጠችው፣ ስቲቭ ዎ ከዛ 120 ገብቶ አሸነፈ፣ ያቺን ቢይዝ ኖሮ አውስትራሊያ ወደ ሀገሯ ነበር፣ የሚያሳልፋት አቻ ምናምን አይኖርም ነበር። ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው።

ጋሽ_ሰበታ፦
ልጆች ጥሩ ወሬ ይዛችኋል። እኔ በ1990ዎቹ መጨረሻ ናይሮቢ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ተቀምጫለሁ፣ ናይሮቢ ህንዶቹም ኬንያዎቹም ክሪኬት ይወዳሉ። እዛው 1999 ላይ ኬንያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተጫወተችው እንግሊዝ ሳይሆን ሆላንድ ነበር፣ አምስተልቬን የሚባል ቦታ፣ ይሄ የምትሉት ክሉዝነር አምስት ኬንያዊ በ21 ራን ብቻ አስወጥቶ አስለቀሰን። እኛ በሱ ባት ሳይሆን በሱ ውርወራ ነው የተገረፍነው።

ግን የአራት አመት ብድር አለ። በ2003 የአለም ዋንጫውን ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ኬንያ ሆነው አዘጋጁት። ደቡብ አፍሪካ ኬንያን በምድብ ጨዋታ በ10 ዊኬት (አንድም መቺ ሳይወጣባት) ደቆሰች፣ እሺ። ነገር ግን ኒውዚላንድ ፀጥታውን ፈርታ ናይሮቢ አልመጣም አለች ነጥቡ ለኬንያ ተሰጠ፣ ስሪላንካን ደሞ እዛው ናይሮቢ ላይ ኮሊንስ ኦቡያ 5 ዊኬት ወስዶ በ53 ራን አሸነፍናት። (አሸነፍናት ስል አትሳቁ ሰው የኖረበት ሀገርም ሀገሩ ነው።) ደቡብ አፍሪካ ለማለፍ ደርባን ላይ ስሪላንካን ማሸነፍ ነበረባት፣ ዝናብ መጣ፣ ጨዋታው በሂሳብ ይወሰናል፣ ለቡድኑ 229 ይበቃል ብለው የላኩበት ሂሳብ ለአቻ ነበር ለማሸነፍ 230 ነው የሚያስፈልገው። መቺያቸው ባውቸር ስድስት መትቶ 229 አደረሳት፣ ቀጣዩዋን ዝም ብሎ አቆማት፣ ወዲያው በዝናብ ጨዋታው ቆመ፣ አቻ! ደቡብ አፍሪካ በገዛ ሀገሯ ወደቀች ኬንያ አለፈች። ማዶ ቆሞ የነበረው መቺ ማን ይመስላችኋል? ክሉዝነር ራሱ፣ በተወለደበት ከተማ።

ደርባን_የነበረው፦
ጋሼ ይሄንን የሚያስታውስ ሐበሻ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር! እሱ ምሽት ደርባን መንገድ ላይ ሰው አይናገርም ነበር አሉ።

ጋሽ_ሰበታ፦
ኬንያ ከዛ ሱፐር ሲክስ ላይ ዚምባብዌን አሸንፋ ግማሽ ፍፃሜ ገባች፣ ህንድ በ91 ራን አስወጣቻት፣ እሱም ደርባን ላይ ነው። የኬንያ አሰልጣኝ ማን ነበር? ሳንዲፕ ፓቲል፣ በ1983 ከህንድ ጋር የአለም ዋንጫ የበላ መቺ። እኔ አሰልጣኝ ስትሉኝ የማስበው እሱን ነው። ስለዚህ ክሉዝነርን ለመመዘን ከፈለጋችሁ እጁ ላይ ምን ሰጡት ብላችሁ ጠይቁ።

ቱሉዲምቱ_ሺፍት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ክሉዝነር ምን ምን አሰለጠነ? ዋንጫ አለው?

ደርባን_የነበረው፦
ባጭሩ ልበል ምክንያቱም አሰልጣኝነቱ እንደ ጨዋታው ፊልም አይደለም። ለሀገሩ 49 ቴስትና 171 የአንድ ቀን ጨዋታ ተጫውቶ 2004 ላይ አበቃ። በ2012 የደርባኑን ዶልፊንስ ያዘ፣ 2016 ድረስ። ከዛ ዚምባብዌ የባቲንግ አሰልጣኝ ሆነ፣ ዋናው አሰልጣኝ ሂዝ ስትሪክ ነበር፣ እሱም ሌላ ትልቅ ኦልራውንደር ነው፣ ነፍሱን ይማረውና 2023 አረፈ። በ1999 ደቡብ አፍሪካን ጉድ የሰራቻት ዚምባብዌ እኮ ናት፣ ክሉዝነር በዛ ጨዋታ 52 መትቶ አውት ሳይሆን ተሸንፎ ነው የወጣው፣ አሁን ሄዶ እነሱን ያስተምራል። በ2017 ስሪላንካ ድረስ ሄደው 3 ለ 2 አሸነፏቸው (ለዛ ለሱፐርቫይዘር ይሄንን አትንገረው በቃ ይበቃዋል)። በመጋቢት 2018 ግን የ2019 አለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ወደቁና አሰልጣኞቹ በሙሉ ተባረሩ።

2019 መስከረም አፍጋኒስታን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው፣ 2021 መጨረሻ ድረስ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። አፍጋኒስታን ሀገሯ ላይ አንድ ጨዋታ አታዘጋጅም፣ "ሜዳችን" የሚሉት ህንድ ወይ ኤምሬትስ ነው። ኮቪድ መጣ። ነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡል ገባ፣ ከሁለት ወር በኋላ የቲ ትዌንቲ (በየቡድኑ ሃያ ኦቨር ብቻ ያለው አጭሩ ጨዋታ) አለም ዋንጫ አለ፣ ዝርዝሩ ሲወጣ ካፒቴኑ ራሺድ ኻን አላማከሩኝም ብሎ ካፒቴንነቱን ጣለው፣ ናቢ ተረከበ። በዚህ ሁሉ ላይ ስኮትላንድን በ130 ራን ቀጥቅጠው ናሚቢያንም አሸንፈው ለፓኪስታን ለህንድና ለኒውዚላንድ ተሸንፈው ወጡ። ለኔ እዚህ ድረስ መምጣቱ ራሱ ትልቅ ነው ግን ዋንጫ ካልከኝ የለም።

ኳስ_ብቻ፦
እሺ እኔም አነበብኩት ተቀብያለሁ። ግን ስኮትላንድን ማሸነፍ ምን ታሪክ አለው? ራሺድና ናቢ ያለው ቡድን ማንም ቢያሰለጥነው ያሸንፋል፣ እንደ ጓርዲዮላ ነው በሉኝ ደሞ።

ስፖርት_መምህርት_ኮዬ፦
ኳስ ብቻ ግማሹ ነጥብህ ልክ ነው ወርዋሪዎቹን እሱ አልሰራቸውም፣ ክሉዝነር ከመምጣቱ በፊት አለም ያውቃቸው ነበር። እኔ ግን ኮዬ ፈጬ ስፖርት አስተምራለሁ፣ አሰልጣኝን የምመዝነው በሚደክምበት ቦታ ላይ ምን ለወጠ ብዬ ነው። የአፍጋኒስታን ችግር ባቲንግ ነበር፣ በተለይ ረጅም ሰአት መቆም አይችሉም ነበር። መጋቢት 2021 አቡ ዳቢ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ሁለት ቴስት ተጫወቱ፣ የመጀመሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ ተሸነፉ፣ አምስት ቀን የተመደበለት ጨዋታ በሁለት ቀን! ሁለተኛው ላይ ያው ቡድን መጥቶ አስጋር አፍጋን 164፣ ሻሂዲ ደሞ 200 አውት ሳይሆን፣ አንድ አፍጋናዊ በቴስት 200 ሲገባ የመጀመሪያው ነው። አሸንፈው ተከታታዩን እኩል አደረጉት። ሁሉንም ለአሰልጣኝ አልሰጥም፣ ግን በሁለት ቀን የተዋረደን ቡድን በሳምንት ውስጥ እንደዛ አረጋግቶ ማምጣት ዝም ብሎ አይመጣም፣ ኮልካታ ላይ አምስት አራት ተመትቶ የተመለሰ ሰው ይሄ ነገር ይገባዋል ባይ ነኝ።

አያት_ዞን፦
እህቴ አሁን ገና አሳመንሽኝ፣ በ1999ኙ ግን አልለቀውም።

ደርባን_የነበረው፦
ለሙላቱ፣ በ2022 ተመልሶ ዚምባብዌ ሄዶ ባቲንግ አሰለጠነ፣ ከዛ ወደ ፍራንቻይዝ (ባለሀብቶች የያዟቸው የሊግ ቡድኖች) ገባ፣ የደርባን ሱፐር ጃይንትስ ዋና አሰልጣኝ ነበር፣ 2024 ህንድ ሊግ ላይ ሉክናው ረዳት ሆነ። ገንዘቡ እዛ ነው ማን ይጠላል። ዶናልድም ቢሆን የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሆኖ ብዙ ቡድን ዞሯል፣ ሁለቱም ኑሯቸው ያው ክሪኬት ነው።

ቱሉዲምቱ_ሺፍት፦
ሁላችሁንም ከልብ ነው የማመሰግነው። መምህርት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጁ መምታቱን ብቻ ነው የሚወደው ውርወራው ላይ ይሰለቻል። ደሞ ሰዎቹ አሁን በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ አንዳንዴ ግን እውነተኛዋን ቀይ ኳስ ያመጣሉ፣ ልጁ እሷን ነው የሚፈልገው።

ስፖርት_መምህርት_ኮዬ፦
ቀይዋ ኳስ እንዳታስነካው፣ ወደ 160 ግራም ናት እንደ ድንጋይ ነው የምትደርቀው፣ ሄልሜት፣ ፓድ፣ ጓንት ሳይኖር ቀልድ የለም። ፕላስተሯ ይበቃዋል፣ ህንድና ፓኪስታን ውስጥ ትልልቆቹ ሁሉ ልጅ ሆነው መንገድ ላይ እንደዛ ነው የተጫወቱት። ውርወራውን ደሞ አታስገድደው፣ በፊት ርቀቱን ይልመድ፣ ከዊኬት ዊኬት 20 ሜትር አካባቢ ነው፣ ክንዱን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ አዙሮ ይልቀቅ፣ ክርኑ ከታጠፈ ህጉ አይፈቅድም። ቀን ላይ ሃያ ኳስ ይወርውር ሌላውን ይምታ። መሮጡን በተመለከተ መቺው ጮክ ብሎ "የስ" ወይ "ኖ" ወይ "ዌይት" ይላል፣ ያለሱ እግሩን እንዳያነሳ፣ ትልልቆቹም ያቺን ቃል በመዝለል ነው የሚበሉት።

ኳስ_ብቻ፦
ቆይ ግን ከምስራቅ አፍሪካ ሌላ ማን አለ? ኬንያስ አሁን የት ናት?

ጋሽ_ሰበታ፦
ኬንያ ወርዳለች ልጄ፣ ከ2011 በኋላ የአለም ዋንጫ አላየችም፣ አስተዳደሩ ተበላሸ። ያኔ የነበሩት ልጆች ግን አሰልጣኝ ሆነው ተበትነዋል። ካፒቴን የነበረው ስቲቭ ቲኮሎ ኡጋንዳን አሰልጥኗል፣ ኦዶዮና ኦዱምቤ የኬንያን ቡድን ይዘው ነበር። ሶስቱም መምታትም መወርወርም ይችሉ ነበር፣ ኦዱምቤ 1996 ላይ ዌስት ኢንዲስን 93 ራን ላይ ጨርሰን ስናሸንፍ 3 ዊኬት የወሰደ ነው፣ በኋላ ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀበለ ተብሎ አምስት አመት ታገደ እንጂ። አሁን ተራው የኡጋንዳ ነው። 2024 ቲ ትዌንቲ አለም ዋንጫ ገብተው ዌስት ኢንዲስ 39 ራን ላይ ጨርሳ ብታዋርዳቸውም ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፈዋል፣ እዛ ጨዋታ ላይ ፍራንክ ንሱቡጋ የሚባል ወርዋሪ አራት ኦቨር ሙሉ ወርውሮ የሰጠው 4 ራን ብቻ ነው፣ ሁለት ሰው አስወጣ።

ኳስ_ብቻ፦
ስንት አመቱ ነው እሱ ደሞ?

ጋሽ_ሰበታ፦
ያኔ 43።